የቢ.ቢ. ኪንግ “ሉሲል” ከኤፒፎን፦ አዲስ አበባ ላይ ለሚጫወት ሰው ታዋጣለች?

ከትንፋሽ መሣሪያዎች ጎን ቆሞ፣ አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ከፍ አድርጎ፣ ኖታ በኖታ ሶሎ ለሚያወጣ ጊታሪስት ኤፒፎን የተባለው ጊታር ሠሪ የሚያወጣት የኤሌክትሪክ ጊታር “ሉሲል” እጅግ ጥሩ ግዢ ናት። ቤቱ ተቀምጦ ለሚለማመድ ወይም ምሽቱን ሙሉ ኮርድ ሲመታ ለሚያመሽ ሰው ግን ከሚከፍለው ገንዘብ ብዙው ለማይነካው ነገር ይሄዳል። ጊታሯ ስለምታንስ አይደለም። ሉሲል የተሠራችው ለአንድ ሰው የሥራ ጸባይ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍሏ ያ ሰው መድረክ ላይ ለገጠመው ችግር የተሰጠ መልስ ነው። ችግሩ የእናንተም ከሆነ መልሱን ግዙት፤ ካልሆነ ሌላ ጊታር አለ።

ሰውየው ቢ.ቢ. ኪንግ የሚባለው የብሉዝ ዘፋኝና ጊታሪስት ራይሊ ቢ. ኪንግ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1925 ሚሲሲፒ ውስጥ የጥጥ እርሻ ላይ ተወለደ። ሜምፊስ ከተማ ደብሊውዲአይኤ በሚባለው ሬዲዮ ጣቢያ ሲሠራ “ብሉዝ ቦይ” የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ሁለቱ “ቢ”ዎች የመጡት ከዚያ ነው። በ1952 ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዘፈኑ በጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በ1956 ብቻ 342 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 2015 ላስ ቬጋስ ላይ በ89 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስም ከመንገድ ብዙም አልራቀም። የጊታሩ ስም ታሪክ ይታወቃል፤ በ1949 አርካንሳስ ውስጥ ትዊስት በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ሰዎች ሉሲል በምትባል ሴት ሲጣሉ ለማሞቂያ የሚነደውን ጋዝ ደፉት፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ እሱም ከወጣ በኋላ ለጊታሩ ብሎ እሳት ውስጥ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዳይደግም ጊታሮቹን ሁሉ ሉሲል ይላቸው ጀመር። ይህን ታሪክ ሻጭ ሁሉ ይነግራችኋል። ለገዢ የሚጠቅመው ግን 342 የሚለው ቁጥር ነው፤ በየምሽቱ ማለት ይቻላል፣ በየደረሰበት አዳራሽ፣ ከትራምፔትና ከሳክስፎን ፊት ቆሞ የሚጫወት ሰው ጊታሩ እንዲያፏጭበት አይፈልግም።

ስለዚህ በዚህች ጊታር ላይ ትልቁ ነገር የሌላት ነገር ነው፤ ሆዷ ላይ የ“ኤፍ” ቅርጽ ያላቸው ሁለቱ ቀዳዳዎች የሉም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን በ1958 ያወጣው ኢኤስ-335 እና በኋላ ቢ.ቢ. ኪንግ የያዘው ኢኤስ-355 ግራና ቀኛቸው ክፍት፣ መሀላቸው ድፍን እንጨት የሆነ ጊታሮች ናቸው። ክፍቱ ሆድ ድምፁን ያለሰልሳል። አምፑ ከፍ ሲል ግን ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ በቀዳዳው ገብቶ ሆዱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሆዱ ክሩን፣ ክሩ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል)፣ ፒክአፑ አምፑን፤ ክቡ ሲዘጋ ፉጨት ይሆናል። ቢ.ቢ. ኪንግ ለዓመታት ቀዳዳው ውስጥ ጨርቅ እየጎሰጎሰ ሠራ። ጊብሰን በ1980 በስሙ ሞዴል ሲያወጣለት ቀዳዳው ጭራሽ ቀረ። በጊብሰን ሥር ያለው ኤፒፎን የሚሠራው ርካሹ ቅጂም ይህንኑ ይዟል፤ መጠኑ ያው ሰፊው መጠን፣ ጣውላው ሜፕል፣ የጣት ሰሌዳው ኢቦኒ፣ ፍሬቱ (ሰሌዳው ላይ የተተከሉት ብረቶች) 22፣ የክሩ ርዝመት ከነት (ራስጌ ሥር ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጅ (ሆዷ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት) 24.75 ኢንች ነው።

መሀል አዲስ አበባ ያሉ መድረኮችን የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚጠቅም አይጠይቅም። በብዙ የሆቴል ላውንጅና ክለብ መድረኩ ጠባብ ነው፤ አምፑ ከጊታሪስቱ ተረከዝ አንድ እርምጃ፣ ሞኒተሩ ፊቱ፣ ድራሙ ጎኑ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ላይ የእኛ ባንድ ልማድ ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራ ዘመን ጀምሮ ትንፋሽ መሣሪያን ከፊት የሚያሰልፍ ነው። ሳክስፎኑን የሚችል ድምፅ ለማውጣት ቮሊዩም ሲጨመር ተራው ኢኤስ-335 ዝቅተኛ ኖታዎች ላይ ያጉረመርማል፤ ሉሲል ግን ድምፁን ይዛ ትቆያለች። ዋጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በተቃራኒው ሶፋ ላይ ሆኖ ያለ አምፕ ለሚለማመድ ሰው ከተራው ኢኤስ-335 ያነሰ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ያን ጊዜ የጎደለው ቀዳዳ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይሆንም።

ኢኤስ-335 ወይም ተመሳሳይ ጊታር ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት ርካሹን ዘዴ ይሞክር። ለስላሳ ስፖንጅ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ይገዛል፤ በቀዳዳው ቅርጽ፣ ግን በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ክር ይታሰርበታል፤ ከዚያ ተጨምቆ ይገባል። ሙጫ አይነካውም። የታሰረው ክር ስፖንጁ ወደ ውስጥ ቢሰምጥ ለመጎተት ነው። በኃይል ወደ ውስጥ መግፋት ግን የቮሊዩምና የቶን ሽቦዎችን ያላቅቃል፣ እነሱን በቀዳዳው አውጥቶ መልሶ መበየድ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ዘዴ ፉጨቱን ሙሉ በሙሉ ባያጠፋም በመካከለኛ ድምፅ ለሚሠራ ባንድ ይበቃል።

ስድስት ቦታ ያለው ቫሪቶን የሚባለው ማዞሪያ ገዢን የሚያማልል፣ ተጫዋች ግን ቶሎ የሚረሳው ነገር ነው። ቁጥር 1 ላይ ምንም አይሠራም፤ ከ2 እስከ 6 በኮይልና በካፓሲተር አማካይነት ከመሀለኛው ድምፅ የተለያየ ክፍል ይቆርጣል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድምፁ እየቀጠነና እየኮሰመነ ይሄዳል፤ ባንድ መሀል ሲሆን ደግሞ ጊታሩ ከኪቦርዱ ሥር ይጠፋል። ቁጥር 2 ለዝግተኛ ዘፈን አጃቢነት ይሆናል። የቀረውን እርሱት። መድረክ ላይ እያለ ማዞርም “ቋ” የሚል ድምፅ ሊያወጣ ስለሚችል በዘፈኖች መካከል ይሁን።

ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ጉዳይ ግን ብዙ ሰው “ጊታሩ ተበላሽቷል” ብሎ ጥገና ቤት የሚሄድበት ነው። ሉሲል ሁለት መውጫ አላት፤ አንዱ ሞኖ፣ አንዱ ስቴሪዮ። ተራ የጊታር ኬብል የሚሰካው ሞኖው ላይ ነው። ስቴሪዮው ሁለቱን ፒክአፕ ለየብቻ ወደ ሁለት አምፕ ይልካል፤ ለዚህም ባለ ሦስት ንክኪ ጫፍ ያለው፣ ለሁለት የሚከፈል ኬብል ይፈልጋል። ተራ ኬብል ስቴሪዮው ላይ ከተሰካ አንደኛው ፒክአፕ ዝም ይላል፤ ሽቦ አልተበጠሰም፣ ቀዳዳው ነው የተሳሳተው። ሁለት አምፕ የሚጠቀም ሰው ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰካቸው። ከተለያየ ግድግዳ ከተሰኩ በሁለቱ አርዝ መካከል የሚዞረው ፍሰት እምምም የሚል ድምፅ ይፈጥራል፤ የሉሲል ሀምበከር ፒክአፖችም ይህን አይከለክሉም። ሀምበከር የሚያጠፋው ከአየር የሚለቀመውን ሁካታ ብቻ ነው።

ክሮቹ ከኋላ የሚያርፉበት ቲፒ-6 የሚባለው ክፍል ለእያንዳንዱ ክር ትንሽ ብሎን አለው፤ በዘፈን መሀል አንድ ክር ትንሽ ሲወርድ ራስጌ ድረስ እጅ ሳይሄድ በቀኝ እጅ ጣት ይስተካከላል። ግሩም ነገር ነው፣ አንድ ሁኔታ ካልተረሳ፦ አዲስ ክር ሲገባ ስድስቱም ብሎኖች መሀል ላይ መሆን አለባቸው። ጥግ ድረስ ጠብቀው ከቀሩ ለማጥበቅ ቦታ አይኖርም። መጀመሪያ በራስጌው መቃኛ ይቃኛል፣ ክሩ በእጅ ተስቦ ይለመጣል፣ እንደገና ይቃኛል፤ ብሎኑ የሚነካው በመጨረሻ ነው።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ፤ ሰዎች ይህችን ጊታር የሚገዙት ያን ድምፅ ፈልገው ነውና። ቢ.ቢ. ኪንግ የእናቱ ዘመድ የነበረው ቡካ ዋይት በብረት ዘንግ ክሩን እያንሸራተተ የሚያወጣውን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወደደው። በዘንጉ ግን አልሆነለትም። ያንን መንቀጥቀጥ በባዶ ጣት ለማውጣት ሲታገል የራሱን ቫይብራቶ አገኘ። ዛሬ በኤሌክትሪክ ጊታር ሶሎ የሚጫወት ሰው አንድ ኖታ ይዞ ሲያንቀጠቅጥ፣ ያወቀውም ያላወቀውም፣ የእሱን መንገድ ነው የሚሄደው። ጊታሪስቶቹ ማይክ ብሉምፊልድ፣ ኤሪክ ክላፕተን፣ ፒተር ግሪን፣ በዲ ጋይ ሁሉም ከእሱ ቀድተዋል፤ የሮክ ጊታር የሚባለው ነገርም ግማሹ ከእነዚህ ሰዎች የወጣ ነው። እሱ ደግሞ በተራው ከቀደሙት ጊታሪስቶች ከቲ-ቦን ዎከርና ከሎኒ ጆንሰን ወስዷል። ኮርድ ላይ ደካማ እንደነበረ፣ እየዘፈነም መጫወት እንደማይሆንለት ራሱ ይናገር ነበር። ስለዚህ አንድ መስመር ይዘፍናል፣ ያቆማል፣ ጊታሩ ይመልሳል። አዝማሪ ግጥሙን ጥሎ በማሲንቆው ሲመልስ የሰማ ጆሮ ይህን አሠራር ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ቫይብራቶው እንዲህ ነው የሚሠራው። አመልካች ጣት ክሩ ላይ ያርፋል፤ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ ይለቃል ወይም በጭንቅ ይነካል፤ ሌሎቹ ጣቶች ተዘርግተው ይቀራሉ፤ እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ ይመጣል፣ ፈጣንና ጠባብ ሆኖ። እዚህ አገር በብዛት የሚታየው ስህተት አንገቱን በመዳፍ ጨብጦ ጣቱን ብቻ ማወዛወዝ ነው። ያኔ መንቀጥቀጡ ይዘገያል፣ ይሰፋል፣ ኖታውም ከቅኝት የወጣ ይመስላል። ሌላው ስህተት ክሩ ገና እንደተመታ ማንቀጥቀጥ ነው፤ ኖታው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሰማ፣ ከዚያ ይንቀጥቀጥ።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ተጫዋች ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። ጊታሪስቶች “የቢ.ቢ. ሳጥን” የሚሉት ትንሽ ቦታ አለ። በኤ ቁልፍ ከሆነ መሠረቱ ሁለተኛው ክር 10ኛ ፍሬት ላይ ነው። በዙሪያው ሦስተኛው ክር 11ኛ ፍሬት ኤፍ ሻርፕ፣ ሁለተኛው ክር 12ኛ ፍሬት ቢ፣ አንደኛው ክር 10ኛ ፍሬት ዲ፣ 12ኛ ፍሬት ኢ አሉ። 12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ቢ ሙሉ ድምፅ ቤንድ ሲደረግ (ክሩ በጣት ተገፍቶ ድምፁ ሲነሳ) ሲ ሻርፕ ይሆናል፤ ያኔ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ተሟሉ፣ ትዝታ ሜጀር ማለት ነው። ያው ቢ ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲነሳ ሲ ይሆናል፤ ከኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ጂ ጋር ሲገጥም ደግሞ ባቲ ማይነር ነው። ቢ.ቢ. ኪንግ በአንድ መስመር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ አንዳንዴም በሲ እና በሲ ሻርፕ መሀል ይቆማል። የእኛ ተጫዋች ሁለቱንም ቅኝት ከልጅነቱ ሰምቷቸዋልና ጣቱ ቶሎ ይለምዳል። የሚያስቸግረው መቀላቀሉ ነው፤ ትዝታ ሜጀር ውስጥ ዲን ረግጦ መቆም ለእኛ ጆሮ ዜማውን ያፈርሳል፣ ለብሉዝ ግን ተፈቅዷል። አምባሰልና አንቺሆዬ እዚህ ሳጥን ውስጥ አይገቡም፤ እነሱን ለመጫወት ሉሲልም ብትሆን የምትጨምረው ነገር የለም።

ከመግዛት በፊት መስማት ለሚፈልግ ሁለት ቅጂ ይበቃል። አንዱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1964 ቺካጎ ውስጥ ሪጋል ቲያትር ላይ ተቀድቶ በ1965 የወጣው የመድረክ አልበም ነው፤ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከኋላ ሲገፉ ጊታሩ እንዴት ሰንጥቆ እንደሚወጣ ይሰማል። ሁለተኛው በ1969 መጨረሻ የወጣው “ዘ ትሪል ኢዝ ጎን” ነው፤ ቢ ማይነር ላይ ነው፣ ዝግ ያለ፣ ቫዮሊኖች የተጨመሩበት። ለባቲ ጆሮ ይቀርባል። በሁለቱም ውስጥ ኖታው ትንሽ፣ ዝምታው ብዙ ነው።

ክሩ ላይ እንቆይ፤ ጊታሯ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ 10-46 ተብሎ በሚጠራው መደበኛ ክር ነው፤ ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ናቸው። ጊብሰን በቢ.ቢ. ኪንግ ስም ይሸጠው የነበረው ጥቅል ግን 10፣ 13፣ 17፣ 32፣ 45፣ 54 ነው። ላይኞቹ ለቤንድ የሚታዘዙ ቀጫጭን ናቸው፣ ታችኞቹ ጠንከር ብለው ድምፁን ይይዛሉ። ልዩነቱ ይሰማል። ነገር ግን ለ46 የተቆረጠ ነት ውስጥ 54 ሲገባ ይጣበቃል፤ ሲቃኝ “ጢን” ብሎ ይዘላል፣ ከቤንድ በኋላም ወደ ቦታው አይመለስም። ጉድጓዱን የእርሳስ ግራፋይት መቀባት ለጊዜው ይረዳል፤ ትክክለኛው መፍትሔ ግን በነት ሞረድ ጥቂት ማስፋት ነው። ጥልቀቱን ሳይሆን ስፋቱን ብቻ። ጥልቀቱ ከተነካ ክሩ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ይንጫጫል፣ ነቱም መቀየር አለበት።

አምፕ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በተሳሳተ እምነት ነው። “ብሉዝ ያለ ቱቦ አምፕ አይሆንም” ይባላል፤ ቢ.ቢ. ኪንግ ግን ለረጅም ዘመን የተጠቀመው ላብ ሲሪስ ኤል-5 የሚባል የትራንዚስተር አምፕ ነው፣ 100 ዋት፣ ባለ ሁለት 12 ኢንች ስፒከር። የሚፈልገው ሳይሰበር የሚጮህ ንጹሕ ድምፅ ነበር። ይህ ለአዲስ አበባ መልካም ዜና ነው። ቱቦ ሲቃጠል እዚህ ምትክ ማግኘት ጣጣ ነው፤ ጥሩ የትራንዚስተር አምፕ ግን ለዓመታት ያገለግላል። ከድራም ጋር ለሚጫወት ከ50 ዋት በላይ፣ ለቤት ከ10 እስከ 15 ዋት ይበቃል። መነሻ አቀማመጥ፦ ጌይን ዝቅ፣ ቤዝ 4፣ ሚድ 6 ወይም 7፣ ትሬብል 5፣ ሪቨርብ 2፤ ጊታሯ ላይ ቮሊዩም 7። ለሶሎ ቮሊዩሙ ወደ 10 ይወጣል፣ ከዘፋኙ ሥር ሲሆን ወደ 5 ይወርዳል። ዲስቶርሽን ፔዳል የሚያበዛ ሰው ሉሲልን መግዛቱ ትርፉ ድካም ነው፤ ፔዳሉ ለስላሳውንም ኃይለኛውንም ምት እኩል ስለሚያደርገው የእጁ ልዩነት ይጠፋል።

ኤሌክትሪኩን በቀላሉ አትለፉት። እዚህ ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ አምፕ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ ቀጥታ ከተሰካ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ቮልት መምረጫ ከሌለው ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። የፍጆታው ዋትና ማስታወቂያው ላይ ያለው የድምፅ ዋት አንድ አይደሉም፤ የሚታየው ፍጆታው ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ አምፕ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከወትሮው ይሞቃል፣ ስለዚህ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ 230 ቮልት አምፕ ማስመጣት ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። ማታ ማታ ኃይል የሚወዛወዝበት ሰፈር ስታቢላይዘር ግዴታ ነው።

የከፋው ግን አርዝ የሌለው ሶኬት ነው። በቆዩ ቤቶችና አዳራሾች ሶኬቱ የአርዝ ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ጊታሩ በአምፑ በኩል፣ ማይኩ በሚክሰሩ በኩል የተለያየ ቮልት ይይዛሉ፤ የዘፋኙ እጅ ክሩ ላይ ሆኖ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ያነዝራል፣ አንዳንዴም ይገድላል። እየዘፈነ ጊታር ለሚይዝ ሰው ይህ የመጀመሪያ ፍተሻ ነው። መልቲሜትር በኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የጊታሩ ብሪጅ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አስነኩ። 10 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ኤሌክትሪሽያን ይጠራ፤ እስኪመጣ ማይኩ የስፖንጅ ኮፍያ ይልበስ፣ ከንፈርም አይጠጋው። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የአምፑን የአርዝ እግር የሚቆርጥ ሰው ካለ መድረኩን ልቀቁለት።

አየሩም የራሱ ጠባይ አለው። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ደረቅ ወራት እንጨቱ ይኮማተራል፤ የኢቦኒው ሰሌዳ ሲጠብ የፍሬቶቹ ጫፎች ጎን ለጎን ብቅ ይሉና መዳፍ ይቧጥጣሉ። በክረምት ተመልሶ ያብጣል። ስለዚህ ጊታሯ ሳጥኗ ውስጥ ትደር፣ ኢቦኒውም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለእንጨት የሚሆን ዘይት በስሱ ይቀባ። የአንገቱን ልመጣ ለማየት ስድስተኛውን ክር መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ 7ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ማየት ነው፤ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ የወፈረ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከዚያ ከሰፋ የአንገቱ ዘንግ ሩብ ዙር ብቻ ይጠብቃል፣ ክሩ እንደገና ይቃኛል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይታያል። በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር የሚያዞር ባለሙያ ባለሙያ አይደለም። የክሩ ከፍታ 12ኛ ፍሬት ላይ ለአንደኛው ክር 1.6፣ ለስድስተኛው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለቤንድ ይመቻል። ብዙ ሰው ከዚህ ያወርደዋል፤ ያኔ ቤንድ ሲደረግ ጣት ክሩን ከሥር ማግኘት ያቅተዋል፣ ጎረቤት ክር ላይ ይወጣል፣ ኖታውም ላይ ሳይደርስ ይታፈናል።

ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራው ከተራ ጊታር ይከብዳል፤ ቫሪቶኑና ስቴሪዮው ተጨምሮ ሽቦው ብዙ ነው። ጠጋኙ አንድም ሽቦ ከመንቀሉ በፊት ፎቶ ያንሳ። ፎቶ አያስፈልግም የሚል ካለ ጊታራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ሉሲል ተሰቅላ ማግኘት ዕድል ነው፤ ብዙውን ጊዜ የምትመጣው ከውጭ በሚመለስ ሰው እጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ከተተወ ወዲህ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ ስለዚህ ከመስማማት በፊት የውጭውን ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ ማስላት ብልህነት ነው። ለጉዞ የኢኤስ-335 መጠን ያለው ጠንካራ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ለጠባብ ጊታር የተሠራ ቦርሳ አይበቃትም። ክሩ አንድ ድምፅ ያህል ይላላ፣ ሙሉ በሙሉ አይፈታ። ቤት ሲደርስ ሳጥኑ ሳይከፈት ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ሁለተኛ እጅ ሲገዛ ሐሰተኛውን መለየት ያስፈልጋል። ራስጌው ላይ “ሉሲል” የሚለው ጽሑፍ የተለጠፈ ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ የተከተተ ነው፤ ጥፍር ሲሄድበት ጠርዝ አይሰማም። ቫሪቶኑ ሲዞር ድምፁ መለወጥ አለበት፤ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ማዞሪያ ያላቸው ቅጂዎች አሉ። ከኋላው ቲፒ-6 የሌለው ወይም የኤፍ ቀዳዳ ያለው ሉሲል ከታየ ማለፍ ነው። “ቻይና የተሠራ” የሚለው ጽሑፍ ግን አያስደንግጣችሁ፤ ኤፒፎን ራሱ ቻይና ውስጥ ፋብሪካ አለው።

እንግዲህ ምርጫው፦ ከትንፋሽ ጋር የሚሠራ የሶሎ ተጫዋች ሉሲልን ይግዛ። ኮርድና ሶሎ እያፈራረቀ የሠርግ ሥራ የሚሠራ ሰው ተራውን ኢኤስ-335 ከስፖንጁ ጋር ይያዝ፤ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጊታር ለስድስት ሰዓት ትከሻ ላይ መሸከም ለማንም አይመከርም፣ ኢኤስ-339 የሚባለው አነስተኛው ወንድሙ ደግሞ ከሁለቱም ይቀላል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ አምፑ ይቅደም፤ ንጹሕ 50 ዋት አምፕ ላይ መካከለኛ ጊታር ድምፁ በሚሰበር ትንሽ አምፕ ላይ ካለች ሉሲል ይበልጣል። ጊታሯን የሚያመጣላችሁ ሰው ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለው ደግሞ 10-54 ክር አምስት ጥቅል፣ ለሁለት የሚከፈለውን ስቴሪዮ ኬብልና የአንገት ዘንግ ቁልፉን አብሮ ይያዝ፤ ቁልፉ ሁልጊዜ ከሁለተኛ እጅ ጊታር ጋር ጠፍቶ ነው የሚመጣው።